የወፌ ፈተና

በሰው ቤት እናት ልጇ ፈተና እንዲያልፍ ትጸልያለች። በዚህኛው ቤት ጸሎቱ የተገላቢጦሽ ነበር። እናት ገና ፊቷን ሳትታጠብ በመኝታ ቤቱና በወጥ ቤቱ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ትንበረከክና፣ «ጌታዬ፣ ልጄን ጣልልኝ። በዚህ ፈተና ብቻ ጣልልኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም» ትላለች። በለሆሳስ እንዳይመስላችሁ፤ ፈጣሪ ጆሮው የከበደ ይመስል ጮክ ብላ ነው። ከጀርባዋ ተከራዩ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የመታጠቢያ ቤቱን በር በናፍቆት ያያል። ጸሎት ላይ ያለችን ሴት ተራምዶ ማለፍ ነውር ነው፤ ቆሞ መስማትም ነውር ነው፤ እሱ ግን ጫማ ሻጭ ስለሆነ የሰው እግር ሥር መጠበቅ ለምዷል።

«አሜን» አለ በመጨረሻ፣ ትነሳለት እንደሆነ ብሎ።

«አንተ ደግሞ በሰው ጸሎት ምን ጥልቅ አደረገህ?» አለችው መርፌ ከወጥ ቤት፣ ዳቦዋን እየጎረሰች።

«እኔማ የጸለይኩት ለፊኛዬ ነው።»

መርፌ የቤቱ ትንሿ ልጅ ናት። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ፣ ሦስተኛ ስትባል «በቃኝ፣ ለእናንተው ይሁን» ብላ ትምህርቱን ተወችው። ከዚያ ወዲህ ላውንደሪ ቤት ልብስ ትተኩሳለች። መርፌ የተባልኩት በቅጥነቴ ነው እያለች እንግዳ ሰው ታታልላለች እንጂ በምላሷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ወፌ ነው። «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» እየተባለ መቆም ሲማር ስሙ በዚያው ተጣበቀበት፤ አድጎ አየር ኃይል ገብቶ እውነትም በራሪ ሲወጣው፣ ከዚያም አልፎ ሌላ ሰው መብረር የሚያስተምር ሲሆን፣ የሰፈሩ ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» አለ። መርፌ ግን መልአኩ ለእሷ ሲሆን ለምን ክር እንኳ ሳይጨምር እንደሄደ እስካሁን አልገባትም። ወፌ በሕይወቱ ፈተና ወድቆ አያውቅም። ትልቁ ጥፋቱም ይኸው ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ለመጨረሻ ጊዜ ዕረፍት በመጣ ጊዜ ነው። ድሮ አንድ ሠልጣኝ ከአስተማሪው ጋር በሁለት ወንበሯ አውሮፕላን ዓመት ሙሉ ይንከራተት ነበር፤ ወፌ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከኋላ ሆኖ ያዝ፣ ልቀቅ፣ አታንቃት፣ እንደ ዶሮ አንገት አትጨብጣት ይለዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳይነግረው ይወርድለትና «ሂድ፣ ብቻህን ዙር» ብሎ ሣሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያን ቀን ከሠልጣኙ ይልቅ የምፈተነው እኔ ነኝ ይል ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ዓመቱ ወደ ጥቂት ወር ወረደ። ወፌ ያሳለፋቸው ልጆች ወደ ግንባር ሄዱ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ መጻፍ ተዉ። ቀጥሎ የመጡትም እንደዚያው። ከዚያ መጣል ጀመረ። ጎበዙንም ሰነፉንም «ለመብረር አልበቃም» እያለ ይጥላል። የተጣለ ሠልጣኝ ምድር ላይ ይቀራል፤ ስልክ ያነሳል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ድንች ይልጣል፣ እስትንፋሱ ግን አለች። አለቆቹ ቂል አይደሉም። «ወይ ተማሪዎችህ አይረቡም፣ ወይ አንተ አትረባም» አሉት። አንድ ኮሎኔል ከኋላው ተቀምጦ እንደ ሠልጣኝ እንዲፈትነው ተወሰነ። ካለፈ፣ ተማሪዎቹ ወደ ሄዱበት ይሄዳል። ከወደቀ፣ ክንፉን ይነጠቃል፣ ከተማ ውስጥ ወንበርና ማኅተም ይሰጡትና ማታ ማታ እናቱ ቤት ይገባል።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አለች እናት ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ እየሰበሰበች። «ውደቃ።»

«እማዬ፣ መውደቅ አልችልበትም እኮ።»

«እህትህ ሁለት ጊዜ የቻለችውን አንተ ያቅትሃል?»

«ቀላል ነው» አለች መርፌ። «የምታውቀው ሲመጣ እንደማታውቀው ሆነህ ማለፍ ነው። ከፈለግክ አስጠናሃለሁ፣ ለወንድም በነፃ ነው።»

ያን ማታ ሁሉም ሳቁ፤ አባትም ሳቀ፣ አባት ደግሞ ሳቅ እንደ ደሞዝ የሚቆጥብ ሰው ነው። ሲሸኙት ግን እናት በሩ ላይ የደንብ ልብሱን ቁልፍ ይዛ አልለቅ አለች። «እወድቃለሁ በለኝ።» «እወድቃለሁ።» «እናቴን ይንሳኝ በል።» ወፌ ወደ እህቱ ዞር ብሎ አየ፣ እህቱ ጣሪያ አየች። «እናቴን ይንሳኝ» አለ። ቁልፉን ለቀቀችው። ፈተናው መቼ እንደሆነ የነገራቸው የለም፣ ከዚያ በኋላ ደብዳቤም አልመጣ፤ እናት ስለዚህ በየጠዋቱ መተላለፊያው ላይ ነች።

የዛሬውን ጸሎት ቋጭታ ስትነሳ መርፌ ዳቦዋን በጉንጯ ወትፋ ወጣች። መንገዱ እንደ ሰሞኑ ነው፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ፣ ሰልፉ ላይ ጠብ፣ ጠቡ ላይ አስታራቂ ሆኖ ሰልፉን የሚቀድም ብልጥ። በዚያን ሰሞን ከአውሮፕላን በላይ የበረረው የእንቁላል ዋጋ ነበር፤ ባለሱቁ ዋጋውን የጻፈበትን ካርቶን ደጋግሞ ከመሰረዙ የተነሳ እንቁላሉን ትቶ ካርቶኑን ቢሸጥ ይሻለዋል። ላውንደሪ ቤቱ ጥግ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ ለደንበኛ አንድ የእንጨት አግዳሚ፣ ከኋላ እንፋሎት። ባለቤቲቱ ወፍራም፣ ሁልጊዜ የምታልባት፣ ስትቆጣ በአፍንጫዋ የምትተነፍስ ሴት ናት፤ መርፌ ከኋላዋ እትዬ እንፋሎት ትላታለች። ከጦርነቱ በፊት ተጠቦና ተተኩሶ ባለቤቱ ያልመጣለት ልብስ ይሸጥ ነበር። አሁን እትዬ እንፋሎት እንዲህ ያለውን መሸጥ ትታለች። የመኮንኖች የክብር ልብስ፣ የሠርግ ሱፍ የሚመስል ሁሉ፣ ላስቲክ ለብሶ ከጣሪያ በታች እየተደረደረ ሄዶ ሄዶ መብራቱን ሸፍኖታል። ሁለቱ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ በጨለማ ይሠራሉ። ስለሱ አያወሩም።

«ወንድሜ ተኩስ ያስተምራል፣ እኔም እተኩሳለሁ» ትላለች መርፌ ደንበኛ ሲመጣ፤ «ልዩነቱ እኔ የተኮስኩት ሰው ቤቱ ይገባል።» ያን ጠዋትም ይህንኑ ብላ አንድ ሽማግሌ አስቃ ልካ፣ የመጀመሪያውን ሱሪ ዘርግታ እንዳለች ስልኩ ጮኸ። ወፌ የቤተሰቡ ስልክ ብሎ ያስመዘገበው ይህንኑ የላውንደሪውን ነው፤ ቤታቸው ስልክ የለም።

«መርፌ የምትባል አለች?» የጎረምሳ ድምፅ ነው።

«እየወጋሁ ነው። ምን ፈለግክ?»

«ከአየር ምድቡ ነው። የመምህር ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ስልክ ላይ ነኝ።»  መስመሩ እንደሚጠበስ ሽንኩርት ይንጣጣል። «መምህር ወድቋል።»

«ምን አልክ?»

«ወድቋል። እኛም ያወቅነው ዛሬ ጠዋት ነው። በስልክ ከዚህ በላይ እንድናገር አልተፈቀደልኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ…»

መርፌ ሳቀች። በአፏ ብቻ መስሏችሁ እንደሆነ በሙሉ አካሏ ነው፤ ባንኮኒውን በመዳፏ ደበደበችው። «እሰይ የኔ አንበሳ። እሰይ፣ ቃሉን ጠበቀ።» በዚያኛው ጫፍ መንጣጣቱ ብቻ ቀረ። «እህቴ፣ ሰማሽኝ?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «በደንብ አድርጌ። ምሥራች ነው የነገርከኝ፤ በዚህ ካለፍክ ልብስህን በነፃ ነው የምተኩስልህ» አለችው። ልጁ ሌላ ነገር ሊል ትንፋሹን ሲስብ ሰማችው፤ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ወደቀ የሚለው ቃል ለመርፌ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ሁለት ጊዜ ከስሟ ጎን ተጽፎ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ፣ ሰፈሩ ሁሉ አንብቦላታል።

«ምን ተገኘ?» አለች እትዬ እንፋሎት ከጀርባ።

«ወንድሜ ፈተና ወደቀ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን።»

በደህናው ዘመን ይህንን የሰማ ሰው ሁለቱንም አስሮ ወደ ጠበል ወይ ወደ ሐኪም በወሰዳቸው። እትዬ እንፋሎት ግን ቀና ብላ የተሰቀሉትን ልብሶች አየችና፣ «ሂጂ፣ ምሳሽን ቀደም አድርጊና ለእናትሽ ንገሪያት» አለቻት። ስትቆጣ እንጂ ስትራራ ታይታ የማታውቅ ሴት ናት፤ መርፌ ሐሳቧን ሳትቀይር ብላ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች።

እናት ስትሰማ አልጮኸችም። መተላለፊያው ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ ግድግዳውን እያየች ብቻዋን ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ብድግ ብላ ቤቱን በመጥረጊያ ወረረችው። የወፌ ክፍል ወታደር ከሆነ ጀምሮ የተከራዩ ነው፤ ከወለል እስከ መስኮት በጫማ ካርቶን የተሞላ፣ ቆዳና ማስቲሽ የሚሸት። ተከራዩ ምሳውን ሊበላ ሲመጣ ካርቶኖቹ ግማሹ መተላለፊያው ላይ ነበሩ። «ልጄ» አለችው እናት፣ ፍራሹን እየጎተተች፣ «ባለቤቱ ሊመጣ ነው። አትቀየመኝ።» «ዛሬ?» «ዛሬ ባይሆን ነገ ነው። ፍራሹ ፀሐይ ማግኘት አለበት።» ሰውየው ሌላ ክፍል እስካገኝ ቀን ስጡኝ አላለም፣ ኪራይ አላነሳም። ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ካርቶን አቅፎ ቆመ። «እኔ ደግሞ አሜን ባይ» አለ፤ «በራሴ ላይ መሆኑን መች አወቅኩ።» መርፌ ሳቀችበት። እሱም ሳቀ፣ ምን ያድርግ፤ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እየደረደረ ከነሱ በላይ ተቀመጠ።

አባት መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበሩ አልተነሳም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሲቀመጥ ሁለት እጁን ፊት ለፊቱ ያደርጋቸዋል፣ መሪ የያዘ ይመስል። ቤት ውስጥ የሚያወራው ለጤናው ያህል ነው። መርፌ ስታልፍ እጅጌዋን ያዘ።

«የደወለው ልጅ ያለሽን ልክ እንዳለው ንገሪኝ።»

«መምህር ወድቋል አለኝ።»

«ፈተና የሚል ቃል አወጣ?»

መርፌ አሰበች። «አላወጣም። ሌላ ምን ይወድቃል ታዲያ፣ አባዬ?»

 ከወዲያኛው ክፍል እናት ፍራሹን በዱላ ስትወቃው ይሰማል፤ በመሃል ደግሞ ዘፈን ትጀምራለች፣ ግጥሙ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች። አባት እጁን ከእጅጌዋ አነሳ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ያዘ። ክሩን ሦስቴ ፈታው።

«ወዴት ነህ?» አለች እናት በበሩ አንገቷን አውጥታ።

«ፀጉሬን ልቆረጥ።»

«ለልጅህ ልታምርለት ነው?» አለችና ሳቀች። «ከኋላ አሳጥረው፤ ከፊት እንኳ የምታሳጥረው የለህም።»

መርፌ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ላውንደሪው ሲሞቅ የከሰዓቱ እንፋሎት ዓይን ይዘጋል። ሱሪ ዘረጋች፣ ሸሚዝ ዘረጋች። ሌላ ምን ይወድቃል? አለች በሆዷ፣ አባቷን በሌለበት ልትረታው ፈልጋ። ጥርስ ይወድቃል። ቅጠል ይወድቃል። መንግሥት ይወድቃል፣ ያውም በየጊዜው። ሰካራም ይወድቃል። ቤት፣ ግድግዳ፣ ፀጉር። የእንቁላል ዋጋ አይወድቅም። አንድ ተማሪ ሲደውል ለምን «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ? ፈተና መውደቅ በስልክ አይነገርም ያለው ማነው? የስምንተኛ ክፍሉን እንኳ ለበረኛው ሳይቀር ነግረውባት ነበር። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተታት። ቁልቁል ስታይ ካውያው የሰው ሸሚዝ ጀርባ ላይ ቆሟል፤ ካነሳችው በኋላም ቅርፁ ሸሚዙ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ። እትዬ እንፋሎት በአፍንጫዋ ልትተነፍስ መጣችና የመርፌን ፊት አይታ ትንፋሿን መልሳ ዋጠችው። ከዚያ በአገጯ ወደ ባንኮኒው አሳየቻት። አባት ለደንበኛ በተቀመጠው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሏል። ፀጉሩ አልተቆረጠም።

 እሷ መተኮሷን ቀጠለች፣ እሱ ስልኩን ማየቱን። ደንበኛ ሲመጣ ጠጋ ይላል፣ ሲሄድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስልኩ ግን አልጮኸም። ፀሐይዋ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ግድግዳ ስትሻገር አንድ ቀጭን ጎረምሳ በበሩ ገባ፤ የአየር ኃይል ልብስ ለብሶ፣ ቆቡን በሁለት እጁ እንደ ሳህን ይዞ። ጫማው አቧራ ነው። በፊት ባንኮኒውን አየ፣ ቀጥሎ ላስቲክ የለበሱትን ልብሶች፣ በመጨረሻ እሷን።

«መርፌ አንቺ ነሽ?» አለ። ድምፁን አወቀችው። ካውያውን አቆመችው።

አባት ከአግዳሚው ተነሳ። «አባቱ ነኝ» አለ። «ተናገር፣ ልጄ። አውሮፕላኑ ነው?»

«አዎ፣ አባባ። አውሮፕላኑ ነው።»

እትዬ እንፋሎት ሄዳ የውጪውን በር ዘጋችው፤ ካውያዎቹንም አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። ቤቱ ውስጥ ውሃ ቱቦ ውስጥ ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል። ልጁ ቁጭ በል ቢሉት አልቀመጥ አለ። «ስትስቂ» አላት ለመርፌ፣ «ስትስቂ አልገባኝም ነበር። ካስቀመጥኩት በኋላ ነው የገባኝ። መልሼ ልደውል ስል አለቃዬ አጠገቤ ቆሞ ነበር። አለቆቹ ራሳቸው መጥተው ይነግሯችኋል፣ ግን ነገ ነው፤ እስከ ነገ እንደዚያ ሆናችሁ ስታድሩ ታየኝና አውቶቡስ ተሳፈርኩ።»

«ፈተናውስ?» አለች መርፌ። የመጠየቂያ ጊዜ አልነበረም፤ አፏ ግን ሌላ ነገር አላወጣም አለ። «ሊወድቅ ነበር እኮ። ቃል ገብቶ ነበር።»

ልጁ ቆቡን አዞረው። «ነግሮናል» አለ። «እኛ እሱ የጣለን ሁሉ ያን ቀን ሥራ ትተን ሣሩ ላይ ወጥተን ቆመን ነበር። ኮሎኔሉ ከኋላ፣ እሱ ከፊት። አበላሽ፣ አበላሽ እያልን በልባችን። መጀመሪያ ትንሽ አንገዳገዳት፤ ደስ አለን። ከዚያ… ምን ልበላችሁ፤ ከሱ ጋር ስንት ጊዜ በርሬያለሁ፣ እንደዚያን ቀን ሲበር አይቼው አላውቅም። ሲያርፍ ጎማዋ መሬት መንካቱን የሰማ የለም። ከወረደ በኋላ ፊቱ አመድ መስሎ እኛ ጋ መጣ። ‹አጣምሜ ላሳርፋት ስል እጄ አቃናት› አለን። ‹እጄ እምቢ አለኝ› ነው ያለው። ወዲያው ላኩት። ግንባር ላይ ሁለተኛ በረራው ነበር።»

አባት እጆቹን አየ። ምንም ያልያዙ ናቸው፤ እሱ ግን ጨብጧቸዋል። «የሚመጣ ነገር አለ?» አለ። ልጁ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው አንገቱን ደፋ። «የለም፣ አባባ። ተቃጥሏል።» እትዬ እንፋሎት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። መርፌ የተቃጠለውን ሸሚዝ አጣጥፋ፣ እንደገና ፈታ፣ እንደገና አጣጠፈችው። ስታጣጥፍ ትናንት ያጣጠፈችውን፣ ከትናንት ወዲያ ያጣጠፈችውን አሰበች። ወፌ ስንት ቀን ነው ሞቶ እነሱ ሳያውቁ እየሳቁ የከረሙት? አልጠየቀችም። ልጁም የሚያውቀው ከሆነ እንዳይነግራት ፈራች።

ሦስቱ ወጡ። አባት ፊት ፊት ሄደ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ቆመና ጠበቃቸው። ሰልፉ አሁንም አለ፤ ሰዎቹ ብቻ ተቀይረዋል። «ስሙኝ» አለ፣ ሰልፈኛው እንዳይሰማ ጠጋ ብሎ። «ያቺ ሴትዮ በየጠዋቱ ምን ብላ እንደምትጸልይ አንተ አታውቅም፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ወደቀ የሚል ቃል እሷ ፊት ከማናችሁም አፍ እንዳይወጣ። ዕድሜ ልኳን ጉልበቷን ስታይ ትኖራለች።» ልጁ ግራ ገብቶት መርፌን አያት፤ መርፌ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ ሲሰማ አፉን በቆቡ ሸፈነ። «ታዲያ ምን ልበል?» አለ። «ሞተ በል» አለ አባት። «የሞተ ሰው ሞተ ነው የሚባለው። ጨዋ እንሁን ብላችሁ እኮ ነው የፈጃችሁን።» ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት ድረስ መንገድ ሲያቋርጥ የልጁን ክንድ ይዞ ነው፣ መኪና እንዳይገጭበት።

ቤቱ ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። መተላለፊያው ላይ ተከራዩ ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጦ የሚጠጋበት ዘመድ ስም በጣቱ ይቆጥራል፤ ከአንድ ጣት በላይ የሄደለት አይመስልም። የወፌ ክፍል መስኮት ተከፍቷል፣ ወለሉ ገና እርጥብ ነው፣ አልጋው ላይ ከሣጥን ሥር የወጣ ነጭ አንሶላ ተዘርግቷል፣ እጥፋቱ ገና አልለቀቀም። እናት የደንብ ልብሱን ስታይ ከልጁ ትከሻ ወዲያ ወደ ደረጃው ነው ያየችው። «እሱስ? ከኋላ ነው? ዕቃ በዝቶበት ነው አይደል፣ መቼም ለእናቴ ብሎ የማይሸከመው የለም። ግባ ልጄ፣ ምን ቆመህ ቀረህ፣ ጓደኛው ነህ? እንዴት እንዳከሱት እዩት። ተቀመጥ፣ ሾርባው ደርሷል።» ልጁን በትከሻው ጨብጣ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠችው። ሳህን አመጣች፣ ማንኪያ አመጣች፣ ዳቦ ቆረሰችለት፣ በዚህ ሁሉ መሃል ታወራለች፤ ማኅተም የሚመታ ሰው ጣቱ እንዳይነካካ ጓንት ይገዛለታል ወይ፣ ቢሮው ቅርብ ቢሆን ምሳውን ቤቱ ይበላል፣ ከርሞ ደግሞ እንግዲህ ሚስት። አባት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መርፌ አየችው፤ እንደማይችል አወቀች። በዚያ ቤት ምላስ ያላት እሷ ናት።

«እማዬ» አለች። «ወፌ ሞቷል።»

እናት ጭልፋውን ይዛ ነበር። ሾርባውን ሳታፈስ ሳህኑ ውስጥ ጨመረችው፣ ጭልፋውን ድስቱ ላይ መለሰች፣ ሽርጧ ላይ እጇን ጠረገች፣ አንዱን እጅ፣ ቀጥሎ ሌላውን። መተላለፊያው ላይ ተከራዩ ከካርቶኖቹ ላይ ሲነሳ ካርቶኑ ተንኮሻኮሸ። እናት ወንበር ስባ ልጁ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወደ ባሏ ሳትዞር ጠየቀች።

«ፈተናውስ?»

«አለፈ» አለ አባት።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው በሁለቱም በኩል እውነት መሆኑ የታወቀው። እናት «አለፈ» ብላ ደገመችው፣ ልኩን እንደምትሞክር። ልጁ ሳህኑን እንጂ ማንንም አያይም፤ የሾርባው እንፋሎት አገጩ ላይ ጠል እየሆነ ነው።  ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ እስከ ዳቦ ቤቱ ይሰማ ነበር፤ መርፌም እየጠበቀች የነበረው ጩኸቱን ነው፤ ጩኸት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ታውቃለች፣ ይያዛል፣ ውሃ ይሰጣል። ጩኸቱ አልመጣም።

«አንተም በራሪ ነህ?» አለችው እናት ለልጁ።

«አይደለሁም፣ እማማ። ስልክ ላይ ነኝ።»

«መብረር አልተማርክም?»

«ተምሬ ነበር። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

«እና?»

ልጁ ቀና ብሎ አባትን አየ፣ መርፌን አየ። አንዳቸውም ሊረዱት አልቻሉም፤ ሁለቱም ስለ አንድ በር ሲጨነቁ ነገሩ በሌላው በር ገብቷል። «ጣለኝ» አለ ልጁ፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ። «እሱ ነው የጣለኝ።»

እናት ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እጁ ተመለከተች። ጥፍሩ ሥር ቀለም ገብቷል፤ አውራ ጣቱ ላይ አሮጌ የቢላ ጭረት አለ፤ የሃያ ዓመት ልጅ እጅ ነው።

«ብቻህን ነህ ወይስ ብዙ ናችሁ?»

«ብዙ ነን፣ እማማ።»

«ሁላችሁም አላችሁ?»

«ሁላችንም አለን።»

«ይሁን» አለች። ከዚያ፣ ማንንም ሳትቆጣ፣ የጠፋ ዕቃ እንደምትጠይቅ ሴት፣ «እሱን የሚጥል አንድ ሰው ጠፋ?» አለች።

 ዳቦውን ወደ ልጁ አስጠጋችለትና «ብላ» አለችው። ልጁ ማንኪያውን አነሳ። አንዴ ጎረሰና መዋጥ አቃተው፤ እናት ጠበቀችው። ዋጠ። ሁለተኛ ጎረሰ። አባት በሩ ላይ ቆሞ፣ መርፌ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ውጪው እየደነገዘ ሲመጣ መብራት ሊያበራ የተነሳ ሰው አልነበረም። እናት ክርኖቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ፣ የሰው ልጅ ጉሮሮ ሲውጥ ወጣ ገባ ሲል ታይ ነበር።